ከሞተሩ ያልወጣ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሰላምታም በፊት አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ ድምፁ የሚወጣው ከሞተሩ አይደለም። ይህን የምልህ ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታድሶና ተገጥሞ እኔው ራሴ እየነዳሁ ከፈተሽኩት በኋላ ነው። በስልክ ብነግርህ «እማ፣ ደክሞሽ ነው» ብለህ ታቋርጠኛለህ። ደብዳቤ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መስመር አትዝለል። ስትዘል አውቅብሃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። የሚያንጠባጥበውን የግቢ ቧንቧም አሠርቼዋለሁ።

«ሥራዬን ጨርሼ ስመጣ በአባባ መኪና እሱ የሄደበትን መንገድ እስከ ጫፉ እሄደዋለሁ፤ ሞተሯን አሳድሽልኝ» ብለህ ስትጽፍልኝ ሆዴ እንቢ ቢልም አፌ እሺ አለ። መኪናዋ እንዴት እንደተገኘች ታውቃለህ፤ ሆኖም ኋላ ስለሚያስፈልገን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። አባትህ የጠፋ ዕለት የተገኘችው በደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ ቆማ ነው፤ የሾፌሩ በር ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ። አባትህ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ፍለጋ በረሃ ለበረሃ ዕድሜውን ሲፈጅ ሞተር ሳያጠፋ ወርዶ የማያውቅ ሰው ነበር። አንተ አንድ ቀን ሞተሩን ሳታጠፋ ወርደህ ከጓደኛህ ጋር ወሬ ስትይዝ ምን እንደደረሰብህ ጆሮህ ይመስክር። «ጎርፍ ወሰደው» አሉ። የመኪናዋ ጎማ ላይ ግን አቧራ እንጂ ጭቃ አልነበረም። ያኔም ይህን ተናግሬ ነበር፤ «ሐዘን ነው የሚያናግራት» ተባልኩ።

መኪናዋን የወሰድኳት ሰፈሩ «ጆሮ» እያለ የሚጠራው መካኒክ ጋ ነው። ጋራዡ ከከተማው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ እንደሆነ ታስታውሳለህ። ድሮ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ በመስኮት የሚያልፍ መኪና ሲያይ የሚውል ተማሪዬ ነበር። ከቤት እስከ እሱ ድረስ ሞተሩ ሲያንኳኳ መጣ፤ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ዝም፣ ከዚያ አንድ። ጋራዡ ስንደርስ ጭጭ አለ። ጆሮ የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ።

«ቲቸር፣ ምንም አይሰማኝም። መኪናም እንደ በሽተኛ ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ይሻለዋል።»

የሰማሁትን በጣቴ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳሁለት። «እንዲህ ከሆነማ ብሮንዚኑ አልቋል» አለ። ብሮንዚን ማለት የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ የብረት ቅርፊት ነው።

ሞተሩን ሲፈታ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ፈተና ላይ ያለሁ መሰለኝ፣ ቲቸር።»

«ነህ እንጂ። ቀጥል።»

ብሮንዚኖቹን አውጥቶ አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው። ሲቀልድ የነበረው ሰውዬ አንዱን ወደ ብርሃን አዙሮ ደግሞ አየው።

«ምነው?» አልኩት።

«አርጅተዋል። ግን ይህን ያህል አልተበሉም። በዚህ አይጮኽም ነበር።»

«ጮኋል እኮ።»

«እርስዎ ካሉ ጮኋል» አለ፤ ድሮ የሂሳብ መልሱን ሳይገባው ሲቀበለኝ በነበረው ድምፅ።

የሆነ ሆኖ ሁሉም ተቀየረ፤ ፒስተኖቹ፣ ብሮንዚኖቹ፣ ያረጀው ነገር ሁሉ። ዘንጉም ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ መጣ። ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ልኩን ጮክ ብሎ እንዲነግረኝ አደረግኩት። ተገጥሞ ሲነሳ እንደ ስፌት መኪና ለስላሳ ነበር። «አሁንማ ሙሽራ ትጫንባታለች» ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

የታደሰ ሞተር ሮዳጅ ይፈልጋል፤ አዲሶቹ ዕቃዎች እስኪላመዱ ድረስ ሳያስጨንቁት በዝግታ መንዳት ማለት ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ለራሴ ወሰድኩት። ወደ ገበያ ነዳሁ፤ ዝም። የሆስፒታሉን ዳገት ወጣሁ፤ ዝም። አንድ ጠዋት ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረድኩ፤ ገና ጋራዡ ሳልደርስ ጀመረ፤ የመጨረሻዎቹን ቤቶች ሳልፍም አልተወም። ኳ፣ ኳ... ኳ። መኪናዋን አዞርኩ፤ ተወው። መልሼ አዞርኩ፤ ቀጠለ።

ታውቀኛለህ፣ ሳልፈትሽ አላምንም። የመንገዱ ተዳፋት ይሆናል ብዬ ሜዳው ላይ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ፊቷን ወደ ከተማ አድርጌ የኋላ ማርሽ አስገባሁና ወደ ወንዙ በጀርባዋ ነዳኋት፤ አንኳኳ። እንግዲህ ጉዳዩ ፊቷ የዞረበት ሳይሆን የምንሄድበት አቅጣጫ ሆነ። በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋሁና የእጅ ፍሬኑን እየያዝኩ ቁልቁለቱን በራሷ እንድትንሸራተት ለቀቅኳት። ከጎማው ሥር ከሚፈጨው ጠጠር በቀር ምንም መሰማት አልነበረበትም።

ኳ፣ ኳ... ኳ።

ሞተሩ ጠፍቶ ነው የምልህ፣ ልጄ። መስመሩን ደግመህ አንብበው።

ጆሮን ጠራሁት። ሳቀብኝ። «ጎማው ጠጠር ነክሶ ይሆናላ፤ እዚህ ድረስ ለጠጠር ጠሩኝ?» ጎማዎቹን አየ፤ ሥሯ ገብቶ ያልነካው ብሎን የለም። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠና ወደ ወንዙ ነዳሁ። ድምፁ ሲጀምር ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ወለል አዳመጠ፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን አዳመጠ።

«ቲቸር፣ እንመለስ።»

«እስከ ወንዙ። መሃል ላይ ያቋረጡት ሙከራ ሙከራ አይባልም።»

አፋፉ ላይ ስንደርስ ድምፁ ቆመ። ቀትር ነበር፤ ወፍ እንኳ የለም። አሸዋው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ሞተሩን ላጠፋ እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ እንደገና ሰማሁት። አሁን ግን ከመኪናዋ አልነበረም። ከፊት ለፊታችን፣ ከወንዙ ማዶ ነበር። ኳ፣ ኳ... ኳ። የተዘጋበት ሰው ክፈቱልኝ እንደሚል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ጆሮ ስለነገረኝ ነው። እኔ የማስታውሰው እጅጌዬን ጨምድዶ የያዘኝን እጅ ብቻ ነው። ወንዙ መሃል፣ አሸዋው ላይ ቆሜያለሁ። ደጋግሞ ጠርቶኝ ነበር አለ። እኔ ግን ዞር ሳልል፣ በር ሲንኳኳ ከጓዳ እንደምመልሰው «መጣሁ፣ መጣሁ» እያልኩ እሄድ ነበር።

ወደ ኋላ አየሁ። የሾፌሩ በር ተከፍቷል። ሞተሩ እየሠራ ነው።

አባትህ እንዴት ሞተሩን ሳያጠፋ ሊወርድ ቻለ ብለን ስንጠይቅ የኖርነው ጥያቄ ተመልሷል። መልሱን ከዚህ በላይ አላብራራውም።

ስንመለስ እሱ ነዳ። በሩ ላይ ሲያወርደኝ «ቲቸር፣ ለሞተሩ ዋስትና እሰጥዎታለሁ፤ ለመንገዱ ግን አልሰጥም» አለ። ባትሪዋንም ፈትቶ ይዞ ሄደ። «ሲፈልጓት ይጠይቁኝ፤ አልሰጥዎትም እንጂ።» ቀልዱ እንደ ተመለሰለት ለማስመሰል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለፈው ደብዳቤህ ግርጌ ላይ ለቀልድ ያህል የጻፍከው ነገር አለ፤ «የመሥሪያ ቤት መኪናዬ አዲስ ናት፤ ግን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የሆነ ነገር ታንኳኳለች፣ ስመለስ ትተወዋለች። የአባባን መኪና አመል ተምራ ይሆናል።» ያኔ ስቄ አልፌው ነበር። ከወንዙ የተመለስኩ ዕለት አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ልጄ፣ ሁለት ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ አንድ ነው? ይህን ብቻ ንገረኝ። እስከ የት እንደሚቀጥል ለማየት አትሞክር። ዕድሜዬን ሙሉ «ፈትሽ» ስልህ ኖሬ ዛሬ አትፈትሽ እልሃለሁ። በሌላ መንገድ ሂድ፤ ሌላ መንገድ ከሌለ ሥራው ይቅር። ድምፁ ድንገት ከፊትህ ከመጣ ደግሞ በሩን አትክፈት፣ ከመኪናው አትውረድ። የአባትህ ድምፅ ቢመስልህም እንኳ አትውረድ። እሱ በሕይወቱ ልጁን በበረሃ አቁሞ የሚጠራ ሰው አልነበረም። እዚህ መጥተህ መንገዱን እሄደዋለሁ ያልከውንም ተወው። ናፍቄሃለሁ፤ ነገር ግን ለወንዙ ከምትመጣ ብትቀር ይሻለኛል።

ስለ እኔ አታስብ። ወደዚያ አልሄድም። ዛሬ ጠዋት ብቻ ወጥ ቤት ሆኜ ከግቢው በር ውጭ የሰማሁ መሰለኝ። ወደ ራሴ ስመለስ ጫማዬን አድርጌ፣ እጄ የግቢው በር መወርወሪያ ላይ ነበር። ተመልሼ ስገባ ምድጃው እየነደደ፣ ውሃው ፈልቶ ገንፍሏል። እሳት ሳላጠፋ ከወጥ ቤት ወጥቼ አላውቅም።

ፖስተኛው በር እንዳያንኳኳ፣ ስሜን ጮክ ብሎ እንዲጠራ ነግሬዋለሁ። ፈጣሪ ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ፤ መንገድህን ይጠብቅልህ፤ የወጣህበት በር መመለሻህም ይሁን። የምጠብቀው ደብዳቤ ካለ ከበሩ ውስጥ እቆያለሁና፣ ይህን አንብበህ ሳትነሳ ጻፍልኝ። ቶሎ መልስልኝ፣ ልጄ።

እናትህ