ከክብር ወንበሩ አጠገብ ስለቆመው ስፒከር

ለክቡር ሐጂ ሙሐመዲን፣
በጅዳ የበኒ ማሊክ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ግልባጭ፦ ለማኅበሩ አባላት በሙሉ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡር ሐጂ፣ አላህ ጤናዎን፣ ቤተሰብዎን፣ ከሁሉም በላይ ሁለቱን ጆሮዎችዎን ይጠብቅልዎ። ለጆሮ ዱዓ ማድረግ እንዳልተለመደ አውቃለሁ፤ እኔም እስካለፈው የኢድ ዝግጅታችን ድረስ አድርጌ አላውቅም ነበር።

በቅድሚያ ስለሰጣችሁኝ ክብር አመሰግናለሁ። ማኅበሩን አሥራ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ስላገለገልኩ የምስክር ወረቀት ልትሸልሙኝ ከመካ ድረስ ጠርታችሁኝ፣ ለግብዣ በተከራያችሁት እስትራሃ አዳራሽ ውስጥ ከፊተኛው ረድፍ ቀይ ሶፋ ላይ አስቀመጣችሁኝ። ከሶፋው እስከ ቀኙ ስፒከር ያለው ርቀት አንድ ክንድ ከስንዝር ነበር። ግምት አይደለም፤ በማግስቱ ተመልሼ ለክቼዋለሁ።

ድምፁ ሲበዛብኝ ተነሥቼ ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የመስተንግዶ ኃላፊው አቶ ፉኣድ መጥተው መለሱኝ። ሁለተኛ ሄድኩ፤ ሁለተኛ መለሱኝ። በሦስተኛው እጄን ይዘው፣ «ወላሂ አይሆንም! እርስዎን ከጫማ መደርደሪያ ጎን አስቀምጠን በየትኛው ዓይናችን ሰው እናያለን? ኸላስ፣ ይነሡ!» አሉኝ። እኔም ክብር አይገፋም ብዬ ተነሣሁ፤ በዚያ ሶፋ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ክብሬን ከጆሮዬ ያስበለጥኩት እኔ ነኝና የጥፋቱን ግማሽ እወስዳለሁ። ግማሹን ግን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ስሜ ተጠርቶ ማይክራፎኑ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የወጣውን ጩኸት ያስታውሱታል፤ አዳራሹ በሙሉ ስቋል። እኔ ዘንድ ያ ጩኸት እስከ ዛሬ አላቆመም። ይኸው ስምንት ወሩ።

እንግዲህ ማኅበራችን ሥርዓት ስለሚወድ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ፉጨት አለ። ስበላም፣ ስሰግድም፣ ይህን ስጽፍም አለ። እንደሚያውቁት መካ፣ ጀርወል ሰፈር በአንድ ሆቴል የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ኃላፊ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ የታመመን ኮምፕሬሰር ከደጅ ቆሜ በድምፁ እለየው ነበር። ዛሬ የሚያፏጨው ማሽኑ ይሁን እኔ ለማወቅ እጄን ማሽኑ ላይ አድርጌ መንቀጥቀጡን ማዳመጥ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝን ሳይሆን ዕድሜ ያስተማረኝን ነው የወሰዳችሁብኝ።

ሁለተኛ፣ የማይጮኸው ሁሉ ይጮህብኛል። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሚስማር የተመታብኝ ይመስለኛል። ባለቤቴ ሀሰና የድስቶቹን ክዳን በጨርቅ ጠቅልላለች፤ የምንበላውም በፕላስቲክ ማንኪያ ነው። ጆሮዬን ቀኑን ሙሉ በጥጥ እንዳልደፍንም ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ ጸጥታን የለመደ ጆሮ ድምፅን ይበልጥ ይፈራል ብሎኛል። ስለዚህ ማራገቢያውን በዝቅታ ከፍቼ ፉጨቱን በእርሱ እሸፍናለሁ። የሞተው የጆሮ ሴል እንደማይመለስም ነግሮ፣ «ተለማመደው» ብሎ ሸኝቶኛል። እየተለማመድኩት ነው፤ ሰው ክፉ ጎረቤትን እንደሚለማመደው።

ሦስተኛ፣ መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ሁለት ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ስለምከት፣ የጀርወል ባለሱቆች «ያ ሙአዚን! የአዛን ሰዓቱ ገና ነው እኮ!» እያሉ ይሥቃሉ። በሃምሳ አራት ዓመቴ አዲስ ስም ስላወጣችሁልኝ ሹክረን።

አራተኛው የእናንተው ምላሽ ነው። መጀመሪያ «ዕድሜ ነው» አላችሁ። ዕድሜ በአንድ ምሽት፣ ያውም በቀኝ በኩል ብቻ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ቀጥሎ «ከእርስዎ በቀር ያማረረ የለም» አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ከእኔ በቀር ያን ያህል የተከበረም አልነበረም። በመጨረሻ «የሰው ዓይን ነው» ብላችሁ ቁርኣን እየቀራ ሩቅያ የሚያደርግልኝ ሰው ላካችሁ። ሰውየው ቁርኣኑን በአንደበቱ ቢቀራልኝ አመስግኜ በሸኘሁት። እርሱ ግን ከቦርሳው ብሉቱዝ ስፒከር አውጥቶ ወደ ታመመው ጆሮዬ አስጠጋው። በአላህ ቃል ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የአላህ ቃል ግን ባትሪ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የፊታችን ሐሙስ ልጄ ሱረያ ታገባለች። ግብዣው ማኅበሩ በሚከራየው በዚያው እስትራሃ ነው፤ ካርዱ ተበትኗል። እኔም አባቷ በመሆኔ የጋብቻ ውሉን፣ ኒካሑን፣ የማስረው እኔ ነኝ፤ ሙሽራው አማር «ተቀብያለሁ» ሲል መስማት ያለብኝም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ በጽሑፍ ለመንኩ፦ የቀኙ ስፒከር ለግማሽ ሰዓት ይጥፋ፤ እኔም ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ልቀመጥ። «ሠርግ ያለ ስፒከር ለቅሶ ይመስላል፤ የሙሽራዋ አባት ከኋላ ከተቀመጠም ሰው ተጣልተው ነው ይላል» ብላችሁ ከለከላችሁኝ። በዚያው ሳምንት ከፊተኛው እጥፍ የሚጮህ አዲስ ስፒከር መግዛታችሁን በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ከነፎቶው አበሠራችሁን። አላህ ይባርክላችሁ።

ለስሜታችሁ ተጠንቅቄ ሳይሆን ልጄ እንዳታፍር ስል ስምንት ወር ነገሩን በአባላቱ ሁሉ ፊት አላወጣሁትም ነበር። እንዳወጣው ያደረገችኝ ራሷ ሱረያ ናት። «አባ፣ አንተ ሳትሰማው የሚታሰር ኒካሕ አልፈልግም» አለችኝ።

ስለዚህ ኒካሑ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ዐስር ሰላት እንደተሰገደ፣ መካ ነካሳ ሰፈር፣ ሳሎኔ ውስጥ ይታሰራል። አማር «ተቀብያለሁ» የሚለው በሰው ድምፅ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል ነው። ማታ ልጄን ጅዳ እስከ እስትራሃው በር አደርሳታለሁ። ከበሩ ወዲያ የስፒከራችሁ ግዛት ነውና አልገባም፤ ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ ደስታ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቼ እጠብቃለሁ። ሰው «ተጣልተው ነው» ቢላችሁ፣ አዎ፣ ተጣልተናል በሉልኝ።

ቀዩን ሶፋ በተመለከተ ባዶውን ተዉልኝ። ማክበር የግድ ከሆነባችሁ ግን በሚመጣው ኢድ ተሸላሚው እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ሰምቻለሁና፣ እንኳን ደስ አለዎት። ቦታው በጣም ጥሩ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማል።

ያከበራችሁትን ያህል የሚያከብራችሁ፣ የምስክር ወረቀቱንም ከነመስታወቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመለሰላችሁ፣
አብዱልከሪም ሰይድ
የቀድሞ ጸሐፊ፣ መካ፣ ነካሳ

ማሳሰቢያ፦ ምላሻችሁ በጽሑፍ ይሁንልኝ። ስለ ጆሮዬ ላቀረብኩት ልመና የሰጡኝ መልስ የሰባት ደቂቃ ቮይስ ነበር። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ታግሼ አዳመጥኩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ከጀርባዎ ልጆቹ አዲሱን ስፒከር እየሞከሩት ነበር።