ለሌለ በር የተሰፋ መጋረጃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 1

…እና በሩ ፊት ቆምኩ። ባዶ ጠርሙስ በእጄ። እናቴ «እትዬ ኻዲጃ ጋ ሄደሽ ትንሽ ዘይት ይስጡሽ» ብላ ልካኛለች። ባቲ ነው፣ ልጅ ሆኜ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ። ውስጥ ሰው ይስቃል። እጄን አነሳሁ… ከዚያስ? አንኳኳሁ እንዴ?

ቀኑን ሙሉ በር ስስል ስለዋልኩ ይሆናል ትዝ ያለኝ። እዚህ ሀርጌሳ በሩ ለመሳል ይመቻል። ብረት፣ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ፣ መሀሉ ላይ አበባ የተበየደበት። ግድግዳውን ከራሴ ክፍል ነው የቀዳሁት። በጦርነቱ ጊዜ በጥይት የተበሳ፣ በኋላ በሲሚንቶ የተደፈነ። የሥራ ጓደኛዬ ሂባቅ ስታየው «ይሄማ ኮድቡር ነው» አለች፣ ሰፈሬን ጠርታ። ሳልነግራት።

ጨዋታው «ደሪስ» ይባላል። ጎረቤት ማለት ነው። የስልክ ጨዋታ። አንዲት ልጅ ጎርፍ ያለፈበት ሰፈር ውስጥ ትዞራለች፤ የአንዱን ትርፍ ወስዳ የሌላውን ጉድለት ትሞላለች። መሰላሉ ልብስ ሰፊው ጋ ነው፣ የሚያፈሰው ጣሪያ አስተማሪዋ ጋ። ልጅቷ በአንድ ጊዜ የምትሸከመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንን ታስቀድም? እንቆቅልሹ እሱ ነው። ዓብዲረዛቅ ኮዱን ይጽፋል። እህቱ ሂባቅ ንግግሩን በሶማሊኛ ትጽፋለች። እኔ እስላለሁ። ሁለቱም አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሚካኤል ያደጉ ናቸው። ቢሯችን ውስጥ በአማርኛ እንሰዳደባለን።

ስመለስ አከራዬ ሐጂ አደን ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተው ይጠብቁኛል። ልጃቸው ከውጭ ተመልሷል። አሮጌው ቤት ይፈርስና ፎቅ ይሠራል።

«እስከ ኦክቶበር መጨረሻ፣ ልጄ። ኢንሻአላህ።»

በእኛ ጥቅምት ሃያ። ድምፃቸው ደግ ነበር።

«ችግር የለም» አልኩ።

ለምንድን ነው ችግር የለም ያልኩት?


ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ የመጨረሻውን ደረጃ ሰዎች ጠርተን አጫወትን። ልጅቷ ሁሉንም ረድታ ስትመለስ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ጫማዋ ይበጠሳል። ይመሻል። ከረጢቷ ባዶ ነው። የአንዲት አሮጊት በር ታንኳኳለች። ሁለት ቁልፍ ይወጣል። አንዱ ስጪ፣ አንዱ የተዘረጋ እጅ… ጠይቂ። የተዘረጋውን እጅ ብትነካው አሮጊቷ ታስገባታለች፣ ጨዋታው ያልቃል። ይኸው ነው። ቀላል።

ማንም አልነካውም።

ስጪ፣ ስጪ፣ ስጪ። ከረጢቱን ይበረብራሉ። ተመልሰው ወንዙን ያስሳሉ። አንዱ ባለታክሲ የተበጠሰውን ጫማ ለአሮጊቷ ሰጣት። «ታዲያ ሌላ ምን አለኝ?» አለ ተቆጥቶ። ሂባቅ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ዓብዲረዛቅ አልሳቀም። «ይሄን ደረጃ አውጥተን እንጣለው። ማንም የማያልፈው በር ምን ያደርጋል? በሕዳር መጀመሪያ ላዘዙን ትምህርት ቤቶች መድረስ አለበት።»

«ትንሽ ቀን ስጠኝ።»

«አንቺ ብትሆኚ ያንን እጅ ትነኪዋለሽ?»

«እኔ ነኝ እኮ የሳልኩት!»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ቻርጀሩን ነቅሎ ሄደ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል አየሁ። ጥሩ ነው። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል። ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ረጋ ያሉ። የውኃ ታንከሩን፣ የጋራውን ወጥ ቤት አሳዩኝ። ግቢው ውስጥ ሌላ ተከራይ አለች፣ ዓናብ የምትባል፤ አረንጓዴ በሯ ላይ ቆማ በአገጯ ሰላም አለችኝ።

ከዚያ ሰውየው «ዳሚንሽ ማን ነው?» አሉ።

ዋስ ማለት ነው። እዚህ ያለ ዋስ ቤት አይከራይም። የማን ልጅ ናት? ብትጠፋ ማንን እንጠይቅ? ኮድቡሩ ቤት ስገባ ጓደኛዬ ሀሊማ ዋስ ነበራት፣ እኔ በእሷ ጥላ ገባሁ። ሀሊማ ድሬዳዋ ተመልሳለች።

«አመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከማን? ዓብዲረዛቅ አንድ ቃል ብነግረው ይመጣል፤ አውቃለሁ። ግን ሥራውንም የሰጠኝ እሱ ነው። አሁን ደግሞ ቤት… ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ «አይ፣ ይሄ ሥዕል ልክ ነው» ብዬ መሟገት እችላለሁ?

ወይስ ይሄ ሰበብ ነው?


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

የሐጂ አደን ቤት እንደሚፈርስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሂባቅ ገና የቢሮውን ደረጃ ወጥቼ ሳልጨርስ ያዘችኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ቤት አገኘሽ?»

«አገኘሁ።»

አፌ ነው። እኔ አይደለሁም።

«ማሻአላህ! የት?»

«አሕመድ ዳጋህ። መስኮቱ በምሥራቅ በኩል ነው።»

መስኮቱን ደግሞ ለምን ጨመርኩ?


ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት ኤዶ ኢስታሂል ሱቅ በኩል አለፍኩ። ጎረቤቴ ናት፤ «ኤዶ» አክስት እንደማለት ነው። ሱቋ ከቤቷ አጥር ጋር የተያያዘ፣ ቆርቆሮ። እንደ ሁልጊዜው «ሰልዋ! ወረን?» አለች። ወሬሽን ንገሪኝ ማለት ነው። ሰላምታቸው ይኸው ነው።

እኔም እንደ ሁልጊዜው «ነበድ» አልኩ። ሰላም። እርምጃዬን ሳላቆም።

«ቁሚ!» አለች በአማርኛ። «ሁልጊዜ ሰላም፣ ሁልጊዜ ሰላም። አንቺ ሬዲዮ ነሽ? ሬዲዮ እንኳን ዜና አለው!»

ቤንች ላይ የተቀመጡት ሽማግሎች ሳቁብኝ። ሳቅሁ እኔም። ሄድኩ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

«የበሩ ቁመት ስንት ነው?» አለች ሂባቅ።

«የትኛው በር?»

«የአዲሱ ቤትሽ ነዋ! መጋረጃ ላሰፋልሽ ነው። ለክተሽ ነይ።»

ማታ የራሴን በር ለካሁ። የሚፈርሰውን።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

መጋረጃው ደረሰ። ክሬም፣ ጠርዙ ላይ ቡናማ ቅጠል። ልብስ ሰፊዋ ተጠንቅቃበታለች። ሂባቅ ራሷ ዘርግታ አሳየችኝ፣ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅዋ ብቻ፦ «ወደድሽው?»

ፊቷን ስላላየሁት ነው መናገር የቻልኩት። «በጣም።»

ሻንጣዬ ውስጥ ከታች አድርጌዋለሁ። ለሌለ በር መጋረጃ አለኝ።


አርብ፣ ጥቅምት 12

ከጁምዓ በኋላ ኤዶ ኢስታሂል ሱቅ ቤንቹ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ ሰጠችኝ፣ ወተት የበዛበት። ያቺን ሳቅ ለመካስ ይሁን አላውቅም። እኔም ሌላ ወሬ ስላልነበረኝ ስለ ጨዋታው ነገርኳት። ልጅቷ፣ ጫማው፣ በሩ፣ የተዘረጋው እጅ። ማንም አይነካውም አልኳት።

«ለምን ይነካዋል? እጅ ዘርግቶ ሰው ቤት የሚገባ ማን ነው?»

«ቸግሯት ነው እኮ ኤዶ።»

«ቢቸግራትስ?»

ከዚያ ስለ ሐርተሼክ አወራች። ከተማው ሲፈርስ ሸሽተው የሰፈሩበት፣ ኢትዮጵያ ድንበር ያለው ካምፕ። አማርኛ የለመደችው ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ ነው። «ድንኳን ነው፣ በር የለም። ጎረቤት ትመጣለች፣ ትቀመጣለች። ወረን? እላታለሁ። የውኃ ቦቴው አልመጣም፣ ትላለች። ልጁ ሲያስል አደረ፣ ትላለች። ፍየሏ ነጥፋለች፣ ትላለች። ከዚያ ስለ ሰርግ እናወራለን። ትሄዳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምን? ወተቱን እወስድላታለሁ። ነግራኝ የለ?»

«ስጪኝ አላለችም እኮ።»

ኤዶ ኢስታሂል እንደ ሞኝ አየችኝ። «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለች።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

የተዘረጋውን እጅ አጠፋሁት። «ስጪ» የሚለውንም ቁልፍ። አሁን አሮጊቷ በሩን ትከፍትና «ወረን?» ትላለች። በመንገድ ላይ የሆነው ሁሉ በትንንሽ ሥዕል ይደረደራል፤ መሰላሉ፣ ጎርፉ፣ የአስተማሪዋ ጣሪያ፣ ወንዙ፣ ጫማው። የፈለጉትን እየነኩ ያወራሉ። ጫማው ከተነካ አሮጊቷ ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለች።  በሩ ባዶ ይሆናል።

ዓብዲረዛቅ ኮዱን ሲያስገባ ሲያጉረመርም ዋለ። «ወሬኛ ጨዋታ አደረግሽው!»

ባለታክሲው ተጠራ። ሁሉንም ነካ። አንድም አላስቀረም። ሲገባ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «እህ» አለ። ከዚያ «ድጋሚ ልጫወት?» አለ።

ዓብዲረዛቅ ትከሻዬን በእስክሪብቶ ነካ አደረገኝ። «አለፈ። ደረጃው ይቆያል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ ብሎኛል… ልጅቷ ገባች። እኔስ?


ሰኞ፣ ጥቅምት 15

«ሰልዋ! ወረን?»

ቆምኩ። ነበድ ሊወጣ ነበር፤ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቤቱ ቅዳሜ ይለቀቃል» አልኩ። «አሕመድ ዳጋህ፣ መስጊዱ ጀርባ፣ ታንከሩ ሰማያዊ የሆነው ግቢ፣ አንድ ክፍል አይቻለሁ። ዳሚን ጠየቁኝ። ዳሚን የለኝም። ለሂባቅ አገኘሁ ብያታለሁ። መጋረጃ አሰፍታልኛለች።»

በአንድ ትንፋሽ። ጆሮዬ ጋለ።

«ሐዬ» አለች ኤዶ ኢስታሂል። እሺ እንደማለት። ለአንዲት ሴትዮ ስኳር መዘነች። ከዚያ ስለ እህቷ ልጅ ሰርግ ጀመረች፤ ሙሽራው አጭር ነው፣ ግን ጸባዩ ሸጋ ነው።

ይኸው? አልሰማችኝም ይሆን? አማርኛዬ ፈጠነባት?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16

ምንም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ሱቋን ላለማየት። ምን ነካኝ? ባቲ ላለችው እናቴ ያልነገርኩትን በሰፈር ሱቅ፣ ሰው መሀል…

ግቢው ውስጥ የሐጂ አደን ልጅ ከባለሙያ ጋር መሬት ይለካል። ገመድ፣ ኖራ። ነጩ መስመር በክፍሌ በር ፊት ያልፋል። ልብሴን አጣጠፍኩ። ወዴት እንደምወስደው ሳላውቅ ማጣጠፍ ደስ አይልም። ግን አጣጠፍኩ።


አርብ፣ ጥቅምት 19

ሰው አንኳኳ። ሂርሲ ነው፣ የኤዶ ኢስታሂል ልጅ፣ ባለባጃጁ። ጢሙን ያሳድጋል፤ አይሳካለትም።

«እማ እቃሽን ጫኚ ብላለች።»

«ወዴት?»

«ወዴት ትላለች እንዴ! አሕመድ ዳጋህ ነዋ። ራስሽ አይደለሽ የነገርሻት?»

ትናንት ሄዳ ነበር። በእግሯ፣ ሱቋን ዘግታ። ከዙህር ሶላት እስከ ዓስር ሶላት ከሰውየው ጋር ሻይ ስትጠጣ ዋለች አለ።

«ምን አለቻቸው?»

«ወሬሽን። ወሬያቸውን። ሁሉንም። ራሴን አሞኛል፣ እየጠበቅኳት።» ፍራሼን ባጃጁ ላይ እያሰረ ይስቃል። «በመጨረሻ ሰውየው ግን ዳሚኗ ማን ነው? አላት። እሷ ደግሞ ታዲያ እኔ ምን ልሠራ የመጣሁ መሰለህ? አለችው።»

ሱቁ ጋ ስንደርስ አስቆምኩት። ኤዶ ኢስታሂል ቲማቲም እየለቀመች ነበር። ምን እንደምል ስፈልግ ቆየሁ። አሏህ ይስጥልኝ አልኩ፣ ሌላም አልኩ፣ ተምታታብኝ።

«ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አለች። «አርብ አርብ እየመጣሽ አውሪኝ። ሬዲዮ!»


እሑድ፣ ጥቅምት 21

እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ከሥራ በኋላ ሂባቅ መዶሻና ሚስማር ይዛ መጣች። መጋረጃውን ሰቀለችው። አጠረ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ቀረው።

«ለካሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«የኮድቡሩን በር ነው የለካሁት።»

ወንበሩ ላይ እንደቆመች አየችኝ።  የሁለተኛው ሚስማር ጭንቅላት በከንፈሯ መሀል። ስታሰላ ታየኝ፤ ቀኑን፣ መስኮቱን፣ ማሻአላህ ያለችውን።

«ያዢልኝ» አለች ሚስማሩን ሳታወጣ። ያዝኩላት። መታችው።

ስትወርድ «ከታች ቁራጭ ጨርቅ እቀጥልበታለሁ» አለች። ቀለሙ አይገጥምም አልኳት። «አይግጠም!» አለች።


ሐሙስ፣ ሕዳር 2

«ደሪስ» ዛሬ ለትምህርት ቤቶቹ ተላከ። ዓብዲረዛቅ ሙዝ ገዝቶ ጋበዘን። ድግሱ እሱ ነው። ስለ አሮጊቷ በር ቀለም ተሟገትን። እኔ አሸነፍኩ።

ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ድስቱን ጣድኩ። ዘይት የለም። ጠርሙሱን ዘቅዝቄ ብጠብቅ ብጠብቅ… አንዲት ጠብታ።

ከአዲሱ ግቢ በር አጠገብ አንድ ሱቅ አለ፤ ክፍት ነበር። ወደ ሱቁ አልሄድኩም። ጠርሙሱን ይዤ የዓናብ አረንጓዴ በር ፊት ቆምኩ። ውስጥ ሰው ይስቃል።

አንኳኳሁ።

«ወረን?» አለች ከውስጥ።

ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።