ከሰል ያራገብሽበት ዲግሪ

እህቴ ሚጣዬ፣

የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። ቁርስሽ ተከድኗል። ውኃው ሳይጠፋ ባልዲውን ሙዪው።

የዲግሪሽን ማህደር ወስጄዋለሁ። ሳላስፈቅድሽ መውሰዴ ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ።

ትናንት ማታ በእሱ ከሰል እያራገብሽ «አራት ዓመት ተምሬ ለዚህ እንኳን ከጠቀመኝ ተመስገን!» ስትዪ ሰማሁሽ። ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ ደጅ ስትጠኚ ስላየሁ፣ ብትማረሪ አልፈርድብሽም።

ግን ትናንት ጠዋት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶኝ ነበር። የላውንደሪው ኃላፊ ጡረታ ወጥታለች። እኔ እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ማሽን ሊበላሽ ሲል ገና በድምፁ አውቀዋለሁ።

«እትዬ፣ ሥራውንስ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን ወረቀቱ የለዎትም» አለኝ። ይህ አልበቃ ብሎት ደግሞ «የተማረች ካወቁ ነገ ይላኩልን» ጨመረበት።

አንቺ ዲግሪ እንጀራ አይሆንም ትያለሽ። እኔን ደግሞ እሱ ስለሌለኝ ከደጃፉ መለሱኝ። ንዴቴ ጸልዬም አልበረደልኝ።

ማህደሩን እኔ አስገባልሻለሁ፤ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ለቃለ መጠይቅ ነይ። ሰማያዊው ቀሚስሽ ተተኩሷል። ስለ ማሽኖቹ ከጠየቁሽ «የምታሳየኝ አለች» በያቸው፤ ውሸት አይደለም።

ከቀጠሩሽ አለቃዬ ነሽ። አላኮርፍም።
ማለቴ፣ እዚያ አላኮርፍም።

ማህደሩን ከመውጣቴ በፊት ፈትጌዋለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያቃተኝ እድፍ አልነበረም፤ ያንቺ ጥላሸት ግን እንቢ አለኝ። ከጠየቁሽ እህቴ ናት ያቆሸሸችው በይ።