ሰርቦ የቀረችው መኪናህ

አባዬ፣

ሩቅ ላለ ሰው ስትጽፉ ጤናውን ጠይቃችሁ ጀምሩ ብለው ነበር ትምህርት ቤት ያስተማሩን። ያንተን ጤና እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ስላላወቅኩ አሰላሙ ዓለይኩም ብቻ ብዬሃለሁ። ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እማ በዒድ ነው የምትቆጥረው። እኔ በቡና ነው። አንተ የሄድክ ጊዜ ቡናው ገና መቅላት ጀምሮ ነበር፤ እሱ ተለቅሞ አለቀ፣ አሁን ደግሞ የዘንድሮውም ወደ ማለቁ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ኑሪ የወለቁት የፊት ጥርሶቹ በቅለዋል፤ ትልልቅ ሆነው በቀሉና ሲስቅ አንተን ይመስላል። ጊንጆ ሰፈር ያለውን ጋራዥህን ባጃጅ የሚጠግን ሰው ተከራይቶታል። ግድግዳው ላይ የለጠፍከው የመኪናዋ ፎቶ የነበረበት ቦታ ዙሪያው በዘይት ጠቁሮ እሱ ብቻ ነጥቶ ይታያል። በዚያ ሳልፍ ወደ ሌላ ወገን አያለሁ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። እማ አላስቆመችኝም፤ ራሴ ነኝ። አሁን ቡና መጋዘን ለቀማ ገብቻለሁ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው እለያለሁ። ሥራው ይመቸኛል፤ ማውራት የለበትም። ሴቶቹ ግን አይተዉኝም። «ሂክማ፣ እስቲ ከአፍሽ አንዲት ቃል ለቅመሽ ጣይልን፣ ጥቁርም ብትሆን» ይሉኛል። እስቃለሁ እንጂ አልመልስም።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩትም። ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይወጣልኝም።

ከሥራ ስትመለስ አንድ እግርህን ከደጃፉ አሳልፈህ ሁሌ «ገሌራ» ትል ነበር። እማ የቦንጋ ልጅ ስለሆነች ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ከኦሮምኛህ ያችን ቃል ግን አልተውካትም። ገብቻለሁ ማለትህ ነበር። ኑሪ ገና አፉን ሲፈታ አንድ ቀን አንተን በበሩ አየህና ቀድሞህ «ገሌራ» አለ። እማ «አንተ ደግሞ መቼ ወጣህና ነው የገባኸው?» ብላ ሳቀችበት። አንተ ግን ልጁ አልተሳሳተም አልክ። በኦሮምኛ «ገብቻለሁ» እና «ገብቷል» አንድ ቃል ነው፤ ስለ እኔ ነው የተናገረው ብለህ ተሸከምከው።

መኪናዋንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ በወሬ። ወጣት ሳለህ ድሬዳዋ ጋራዥ ስትሠራ ለአንድ ሽማግሌ ነጋዴ የምትጠግናት የጣሊያን መኪና ነበረች። እንደ በሰለ ቡና ቀይ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት። ስለ እሷ ስታወራ ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር፣ የምትሰማህ ይመስል። ሽማግሌው ሞቶ ልጆቹ ሊሸጧት እንደሆነ የሰማህ ቀን ምሳህን ሳትበላ ተነሳህ። በሳምንቱ ፒክአፑን ሸጥክ።

እማ ምን ያህል እንደተናደደች ታስታውሳለህ። «አራት ነፍስ ላለበት ቤት ሁለት ወንበር ያላት መኪና። እኔንና ኑሪን ጣሪያው ላይ ልትጭነን ነው?» አለችህ። አንተ ደግሞ «ጣሪያም እኮ የላትም» አልክ። እኔና ኑሪ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ። አንዱ ወንበር ያንቺ ነው አልከኝ። በአውቶቡስ አብረን እንሄዳለን፣ እየነዳን እንመለሳለን አልክ። እኔ ጣሪያ በሌለው መኪና ተቀምጬ ከድሬዳዋ እስከ ጅማ ያለ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ታሰበኝ። ፈተና አለብኝ አልኩህ። ፈተና አልነበረብኝም። ያወቅክብኝ ይመስለኛል። «እሺ ኢንተለ ኮ» ብቻ አልከኝ። ልጄ ስትለኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነበር፣ እኔን ስታባብል።

ብቻህን ሄድክ። ስትመለስ ከአዋሽ ደወልክ፣ ከወሊሶ ደወልክ። እማ አኩርፋ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን አሥር ሰዓት አለፍ ሲል እንደገና ደወልክ። ይቆራረጥ ነበር። «ገሉ» የሚል ሰማሁ፣ ጭር አለ፣ ከዚያ «ራ»። ገሌራ ያልክ መሰለኝ። ከዚያ በኋላም ድምፅህ ነበር፣ ቃሉ ግን አይለይም። በስልክ ማውራት እንደምፈራ ታውቃለህ። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

እማ «ምን አለ?» አለችኝ።

«ገብቻለሁ አለ» አልኳት።

ዞራ ደጃፉን አየችው። «ጋራዡ ጋ ሕዝብ ሰብስቦ እያሳየ ይሆናላ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

አንተ ግን ሰርቦን እንዳለፍክ መንገድ ዳር ቆመህ ነበር። ከዋንዛው ሥር አስጠግተህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ፣ የእጅ ፍሬኑን ስበህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ደክሞት ተኝቷል አለ። ለመግሪብ አዛን ሲወጣ እዚያ ሱቅ ያላት አዴ ዘሃራ ውሃ ይዛልህ መጣች። ሐኪሙ ልብ ነው አለን። «ቶሎ ደርሳችሁለት ቢሆን» ብሎ ጀመረና እማን ሲያያት ተወው። ከእኛ እስከ ሰርቦ ግማሽ ሰዓት ነው አባዬ። ጋራዥህ ውስጥ የሚነዳ ሰው ሞልቶ ነበር።

ከቀብርህ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንድ ባጃጅ ነጂ በስልኩ «ገሉፍ ጂራ» ሲል ሰማሁ። ልገባ ነው፣ እየደረስኩ ነው ማለት ነው። ድንች የያዝኩበትን ፌስታል እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። ገሉ። ራ። ሰው እየገፋኝ ያልፍ ነበር። ያንተን ድምፅ በልቤ መልሼ ሰማሁት፣ አሁንም እሰማዋለሁ፤ መሃሉን ግን አልደርስበትም። እሺ ብዬ ከዘጋሁት በኋላ ያለውንም።

ሌላም ነገር አለ። አዴ ዘሃራ ለለቅሶ የመጣች ዕለት እማን «ልጅቷስ ተረፈች?» ብላ ጠየቀቻት። የቷ ልጅ አሏት። «አጠገቡ የነበረችው ነዋ፣ ባለ ሻርፗ። በሱቄ በር ሲያልፉ አይቻታለሁ።» የሰርቦ ሰው ወርዳ ይሆናል ብሎ ቡናው ውስጥ እስኪጨልም ፈልጓት ነበር። የሥራ ባልደረባህ ጋሽ ጴጥሮስም አሰንዳቦ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጡት ሴቶች እንዲሁ እንዳሉት ተናገረ። ከሴት ልጁ ጋር እየሳቀ አለፈ ብለውታል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እሰማ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

እኔ እቤት ነበርኩ አባዬ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንዴ ቡና ስለቅም ነፋስ ፊቴን ይመታኛል፣ በፍጥነት የሚሄድ ሰው ፊት ላይ እንደሚመታው። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ከሁለታችን የቷ እንደመጣችና የቷ እንደቀረች ግራ የሚገባኝ ጊዜ አለ።

መኪናዋ አዴ ዘሃራ ግቢ ቆማ ዓመት አለፋት። እማ ላያት አልፈልግም አለች። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ገዢ መጣ፤ እማም ከዚያው ከሰርቦ ይውሰዳት አለች። ጋሽ ጴጥሮስ ይሁን ብሎ ሊነሳ ሲል «መጀመሪያ ቤት ትግባ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ነበር። እማ ግድግዳው የተናገረ ይመስል ዞራ አየችኝ። «አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ይውሰዳት» አልኩ። አልከለከለችኝም።

እሁድ ጋሽ ጴጥሮስ ከቸርች እንደተመለሰ ባትሪና ቤንዚን ይዘን ሄድን። ሸራውን ስንገልጠው አንዲት ዶሮ እየጮኸች ወጣች። አዴ ዘሃራ «የቆመችበትን በእንቁላል ከፍላኛለች፣ ከእናንተ የምፈልገው የለም» አለች። ጋሽ ጴጥሮስ የሞተሩን ካንዴላ እያጸዳ «እኔ ለሰው እንጂ ለሞተር ጸልዬ አላውቅም፣ ዛሬ ግን ጌታ ይቅር ይበለኝ» ይል ነበር።

ሻርፑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቢጫ፣ የድሬ ሻርፕ። በእኔ ወንበር ጀርባ ላይ በራስህ ቋጠሮ አስረኸዋል፣ ፒክአፑ ላይ ዕቃ ስታስር እንደምትቋጥረው። ጫፎቹን ለቀሃቸዋል። እየነዳህ ነፋሱ ሲያነሳቸው ምን እንደሚመስል ገባኝ። ወንበሩ ላይ የጥቁር ፍሬ ቁልል ነበር፤ ለእኔ የገዛኸው ጊሽጣ በስብሶ ደርቆ ፍሬው ብቻ ቀርቷል። ስፖኪዮውን ቀና ብዬ ሳየው ያሳየኝ የኋላውን መንገድ አልነበረም። ወደ እኔ ወንበር አዙረኸዋል። በውስጡ ሻርፑንና የራሴን ፊት አየሁ።

ፍሬዎቹን ለቅሜ መሀረቤ ውስጥ ቋጠርኩ። ሻርፑን አልፈታሁትም። ተደግፌው ተቀመጥኩ፣ ጫፉ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ጋሽ ጴጥሮስ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩን ወደ ኋላ ይግፉት አልኩት። «እሱ ያስተካከለውን እኔ አልነካም» አለ። እንደተጣጠፈ ነዳ።

ዋንዛው ጋ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ያው ቦታ። ጋሽ ጴጥሮስ እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም፣ እኔም ወደ ግራ አላየሁም። በግራዬ የተቀመጠው ጋሽ ጴጥሮስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የተቃጠለ ዘይትና የሳሙና ሽታ መጣብኝ፣ ያንተ ሽታ፣ እጅህን ታጥበህ ስትመጣ። ለስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ ጴጥሮስ ቀስ ብሎ «ደክሟት ነው እንጂ አልሞተችም» አለና ቁልፉን አዞረ። በሦስተኛው ተነሳች።

ጅማ ስንገባ ሰው ሁሉ አየን። ባጃጆቹ ክላክስ እያደረጉ አጀቡን። አንዱ «የማን ሠርግ ነው?» ብሎ ጮኸብን። ያን ጊዜ የፈራሁት እሱን ነበር፣ መታየቱን። ፊቴን አልሸፈንኩም። ሳልኖር አጠገብህ ያዩኝ ሰዎች ካሉ፣ ስመጣም ይዩኝ አልኩ።

እማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መኪናዋ ግቢ ገባች፣ ሞተሩ ጸጥ አለ፣ ጋሽ ጴጥሮስ ቁልፉን ለእማ ሰጥቶ ሳይቀመጥ ሄደ። እኔ ወረድኩና አንድ እግሬን ከደጃፉ አሳልፌ «ገሌራ» አልኩ። እማ ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት አንገቷን ዘረጋች። አውቃ አይደለም። ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነገርኳት። ገሌራ አላለም አልኳት። ገሉፍ ጂራ ነው ያለው፣ ሌላም ሲናገር ነበር፣ እኔ ነኝ የዘጋሁበት አልኳት። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለች።

ነጠላዋን ሰብስባ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «በስልክ ብሎት አያውቅም። እግሩ ይህን ደጃፍ ሳይረግጥ አንድ ቀን ከአፉ ወጥታ አታውቅም። አንቺ ገብቻለሁ አለ ስትይኝ እንዳልገባ ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። ተናድጄበት ነበር። ከመኪናዋ ጋር ይዋል ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ «ያንቺማ የጆሮ ስህተት ነው» አለች።

አንድ ጣሪያ ሥር፣ እሷ በጓዳዋ እኔ በጥጌ፣ አንድ ነገር ይዘን ዓመት ኖረናል አባዬ።  አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ ተነሳችና የመኪናዋን በር ከፈተች፣ ባንተ ወንበር ገባች። እግሯ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም። እኔ በእኔ ወንበር ገባሁ። አሥር ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ተቀመጥን። አንዴ ብቻ ቀና ብላ ስፖኪዮውን አየች፣ ልታስተካክለው እጇን ሰደደችና መለሰችው።

ይህን የምጽፍልህም እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው። ቅዳሜ ገዢው ይወስዳታል፤ እማ ቃሏን አታጥፍም። ሻርፑን ፈትቼዋለሁ። ቋጠሮህን ለመፍታት ጥርሴን ሁሉ ተጠቀምኩ። የጊሽጣውን ፍሬ ከጓሮ ተክዬዋለሁ፤ በጅማ ዝናብ ይብቀል አይብቀል አላውቅም።

ስልክ ሲደወል አሁንም እፈራለሁ። ግን ካሁን በኋላ ያኛው ወገን ጨርሶ እስኪዘጋ አልዘጋም። አንተ ያልጨረስከውን ግን ማንም አይጨርስልኝም፣ እሱን ይዤው እኖራለሁ። ከመጋዘን ስመለስም በየቀኑ አንድ እግሬን ከደጃፉ አሳልፌ ቃልህን እላታለሁ። ትናንትና ብያለሁ፤ እማ ከጓዳ «እሰይ» አለች። ስለ እኔ ይሁን ስለ አንተ አልጠየቀችኝም። ቃሉ አንድ ነው።

አላህ ጀነትን ይወፍቅህ።

ልጅህ ሂክማ