ለብርድ ወራት የሚሰናዳው ኩሬ፦ የአቶ ሰይፈሥላሴ ምንይሉ ሕይወት

አቶ ሰይፈሥላሴ ምንይሉ ከአባታቸው ከአቶ ምንይሉ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ዓለሙ በ1943 ዓ.ም. በቢቸና ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታተሉ። በሱዳን በኩል ተሰደው በ1975 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ በፌርፋክስ ጎዳና በፓርኪንግ ሠራተኛነት፣ ኋላም በታክሲ ነጂነት ኖሩ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰገነት ጋር በቁርባን ተጋብተው ፍሬውንና ቅድስትን ወለዱ።

በዌስት አዳምስ የገዙት አሮጌ ቤት በጓሮው ዓሦች ያሉበት የድንጋይ ኩሬ ነበረው። የአጥቢያቸው ምእመናን የራሳቸው ባሕረ ጥምቀት ስላልነበራቸው፣ ካህናቱ በየዓመቱ ለጥምቀት ያንኑ ኩሬ ባርከው ሕዝቡን ይረጩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩሬው ለእርሳቸው የጓሮ ጌጥ መሆኑ ቀረ። በየኅዳሩ፣ የረገፈው ቅጠል ውሃውን ሳያበላሸው፣ ዝቃጩን ጠርገው መረብ ይዘረጉበታል፤ ለዚህም ውሃው እስከ ግማሽ መጉደል አለበት። የተባረከ ውሃ ግን እግር በሚረግጠው ምድር አይደፋም። ስለዚህ በባልዲ እየቀዱ ከአጥሩ ሥር ባሉት ሮማኖች ግርጌ ያፈሱት ነበር።

ፍሬው፣ “አባዬ፣ ፓምፕ አድርገን የመኪና መግቢያው ድራይቭዌይ ላይ እንልቀቀው፤ ቶሎ ያልቃል። ወገብህ ሊቆረጥ እኮ ነው!” ይላቸው ነበር። እርሳቸውም፣ “እኔ ያረጀሁት ቶሎ ያለቀውን ሁሉ ደግሜ ስሠራ ነው” ይሉት ነበር።

ወይዘሮ ሰገነት በ2014 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ባልዲ የሚቀበላቸው አልነበረም። ፍሬው የሚኖረው በቫን ናይስ፣ ቅድስት በፓሳዴና ነው፤ ሁለቱም ሰፈሮች መምጣት ለሚፈቅድ ሰው ቅርብ ናቸው።

ባለፈው ኅዳር ልባቸው ደክሞ ሳለ ብቻቸውን ጀመሩ፤ ሥራው ሳይገፋ ከኩሬው ዳር ወድቀው ተገኙ። ሆስፒታል ተኝተው የጠየቁት ውሃው ወጥቶ እንደ ሆነ ብቻ ነበር። ፍሬው፣ “ኦኬ አባዬ፣ ጨርሰነዋል፤ መረቡም ተዘርግቷል” አላቸው። ባልዲው ግን እርሳቸው ከወደቁበት ገና አልተነሣም ነበር። አባት አምነው፣ ልጃቸውን መርቀው፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

በሐሰት የተገኘ ምርቃት በተመራቂው ጫንቃ ላይ ይከብዳል። ፍሬው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከእኅቱ ጋር ውሃውን ወደ ሮማኖቹ እያመላለሰ ነው፤ ቅጠሉ ግን ቀድሞ በስብሶ ዓሦቹ ሞተው ተንሳፈዋል፤ ኩሬውም ይህ እስከ ተጻፈ ድረስ አልተጠረገም። ነገሩ ሁሉ በአስከሬናቸው ፊት እንዲነበብ የጠየቀው ራሱ ፍሬው ነው።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሶሊያናን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር የአባትን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለልጁም የተናገረውን ቃል እውነት እስኪያደርግ ጉልበቱን አይንሣው። አሜን።