ቅቤ ያልነካው ስፌት

ከድሬ፣ የቤቴ ሰው፣

አፈር ከለበስክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ።

ቤቱ ደህና ነው። የቡታጅራውን ሱቅ ወንድምህ ይዞታል፤ እንዳንተ ወሬ ስለማያበዛ በጊዜ ዘግቶ ይገባል።

ትልቁን ነገር ልንገርህ። ያንተው በሽታ ልጃችንን ዘይነባን ያዛት። መጀመሪያ ጉልበቷን አመማት፣ ቆይቶ ልቧን። አዲስ አበባ ወስጃት፣ የውጭ አገር ሐኪሞች ያንተን እንዳደረጉት ደረቷን ከፍተው ልቧን ጠገኑላት። ስፌቱን ሳየው ያንተው መሰለኝ።

አንተንም እኮ የገደለህ ልብህ አይደለም። እሱማ ድኖ ነበር። ቁስሉን እንዳንነካው፣ ከቀላ ወይም ካዠ በዚያው ቀን እንድንመልስህ ነግረውን ነበር። እኛ ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር ፋሻውን እየገለጥን አሳየን። የመጣው ሁሉ እየዳሰሰ ተደነቀ። እናትህ ለጋ ቅቤ አመጡ፣ እኔ በእጄ ቀባሁህ። በእኛ ቤት ቅቤ የማያድነው ነገር አለ እንዴ? ቁስሉ ሲያዥ የቀለጠው ቅቤ ነው አልን፤ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጥህ ድካም ነው አልን። መኪና ስንለምን ቀኑ አለፈ። ወደ አዲስ አበባ ስንመልስህ፣ ገና ቡኢን ሳናልፍ እጄ ላይ አረፍክ።

ዘይነባን ይዤ ስመለስ ምዬ ነው የመጣሁት። በሩ ላይ ውሃና ሳሙና አስቀመጥኩ። አጎትም ይሁን ሼህ፣ ሳይታጠብ የሚገባ የለም። ፋሻውን የሚፈታው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ብቻ ነው። ዘመድ አኮረፈ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠገበች አሉኝ። ይበሉ!

ከዚያ እናትህ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ። እምቢ ስላቸው፣ ልጄን ያሳደግኩበት ቅቤ ዛሬ መርዝ ሆነ ወይ ብለው አለቀሱ። ያኔ የደበቅኳቸውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቁስልህ በእጃችንና በቅቤው መርቅዞ እንደሞትክ፣ የቀባሁህም እኔ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ። ቅቤያቸውን አንስተው ወጡ። ወላሂ፣ ዳግመኛ አይመጡም ብዬ ነበር። በማግስቱ መጥተው ከሳሙናው አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እንግዲህ እሳቸውን ማን ያልፋል! ኢማሙን ራሳቸውን ሁለቴ አስታጠቧቸው።

በዘጠነኛው ቀን የስፌቱ ጫፍ ቀላ። እስከ ነገ ይታይ አላልኩም፤ ያገኘሁት መኪና ላይ ልጄን አሳፍሬ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ። ቡኢ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ዘይነባ ብርቱካን እየላጠች ነበር። ሐኪሞቹ ቁስሉን አጥበው መርፌ ወጓት፣ ቶሎ መምጣታችን እንደበጃትም ነገሩኝ። አሁን ደርቋል፣ አልሐምዱሊላህ። ትናንት ውሃ ልቅዳ ብላ ስታስቸግረኝ ዋለች።

ያንን ቅቤ እናትህ አልጣሉትም ነበር። ዛሬ አውጥተው፣ አንተ ከሞትክ ጀምሮ ያልተቀባ ፀጉሬን ፈትተው ቀቡኝ። ሁለታችንም ስንነፋረቅ ዘይነባ ሳቀችብን።

ከድሬ፣ ቃሌን ስማኝ። ከእንግዲህ ወደዚህ ከተማ ተሰፍቶ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ልጠይቀው የምሄደው ሳሙና ይዤ ነው። ባሌን እንዲህ አድርጌ አጣሁት ብዬ፣ ስምህን ጠርቼ፣ ሳላፍር እናገራለሁ። እስካለሁ የማስታውስህ እንደዚህ ነው።

ሚስትህ ሶፊያ