በሲባጎ የቆሙ ኮሶዎች

ሰኞ፣ ሰኔ 2፤ ጠዋት 2፡40
ማስታወሻዬ፣ ዛሬም መብራት የለም። የቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፕ ሞቷል። ሄጄ ችግኞቼን ቆጠርኩ፤ አርባ። የጋሽ ቱፋ ትልቁ ኮሶ በንፋስ ከወደቀ በኋላ፣ ከቅርንጫፉ ቆርጠን በጠርሙስ ያበቀልናቸው እነዚህ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ሐምሌ ላይ አንዱን ጉቶው አጠገብ ሊተክሉ ይፈልጋሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። እኔም ይደርሳል ብዬ ቃል ገባሁ። ምን አስቸኮለኝ!

ረቡዕ፣ ሰኔ 4
መብራት መጣ። አንዱን ግንድ በምላጭ ስስ አድርጌ ቆርጬ አየሁ። እንጨቱ እንደ ወረቀት የሳሳ ቀለበት። ሥሩም አጭር። ቅጠሉ ግን ጎመን ነው! ሥር ካልሰደደ ግንዱ እንጨት የሚሠራበት ውኃ አያገኝም። ግንዱ ካልዳበረ ደግሞ ቅጠሉ የሠራው ስኳር ወደ ሥር በደንብ አይወርድም። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ እኔ መሃል ቆሜ እበግናለሁ።
ለአለቃዬ ነገርኩት፣ ጊዜ ይሰጠን አልኩ። እሱ የሚታየው ቁመት ብቻ ነው። መሥሪያ ቤታችን በሚያዘጋጀው የችግኝ ተከላ ዕለት እንግዶች ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ስለዚህ ይርዘሙ። ራሴን አመመኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9፤ ከቀኑ 8 ሰዓት
ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሮቤ ሄጄ ሦስት ቀን ብቆይ ጉድ ጠበቀኝ። ለካ የሄድኩ ዕለት አለቃዬ ቶሎ ይርዘሙ ብሎ ዩሪያ አስበትኗል። ሁሉም ባንዴ ተመዝዘው፣ ለስልሰው ተጋድመዋል። እሱ ምን አደረገ? ሸምበቆ አስተክሎ በሲባጎ አሳስሮ አቆማቸው። አርባ ሰካራም በሰው ትከሻ! አምረዋል አይደል ይለኛል ደግሞ።
ችግኝ ንፋስ ካልወዘወዘው ግንዱ አይጠነክርም፣ ሥሩም አፈር አይጨብጥም። ይህን ማን ያስተምረው? እኔስ ብሆን? የአሰላ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ ከፕላስቲክ ቤቱ አንድም ቀን አላወጣኋቸውም። ጥፋቱ የሱ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13፤ ጠዋት 1 ሰዓት
እንግዶቹ ዛሬ ናቸው። መኪና መጥቶ ችግኞቹን ይጭናል። እንዲህ ሆነው ከተተከሉ ሳምንት አይቆዩም።
ሲባጎውን ፈታሁ፣ የሁሉንም። ሃያ ሦስቱ ወደቁ። አሥራ ሰባቱ ተንገዳገዱ፣ ግን ቆሙ። ንፋስ ይንካቸው ብዬ በርና መጋረጃውን ከፈትኩ።
ለጋሽ ቱፋ ደወልኩ። ዘንድሮ አይሆንም፣ ለከርሞ ነው አልኳቸው።   በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጠሩኝና እኔ ባልኖርስ አሉኝ። ይቅርታ ጋሽ ቱፋ አልኳቸው።  እንግዲያው እኔ ከሌለሁ ለልጄ ስጪው፣ ብቻ ሥር ያለውን ይሁን አሉ። ዘግቼ አለቀስኩ።
ለአለቃዬ በጽሑፍ፦ አንድም ችግኝ ከዚህ አይወጣም። ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የመኪና ጡሩምባ እየሰማሁ ነው። የግቢውን በር ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉም እኔው ኪስ ውስጥ ነው፣ አለቃዬ ቢለምነኝም ቢቆጣኝም አልከፍትም።